«ረብሻ» ወይስ «አመፅ»? የ1968ቱን የዋሽንግተን ቃጠሎ በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄውን በዚህ መድረክ ያነሣሁት እኔ ስለሆንሁ፣ የተሰጡትን መልሶች በቁጥራቸው ተከትዬ መተረኩም የእኔ ድርሻ ነው። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዋሽንግተን ዲሲ አሥራ አራተኛው መንገድና ዩ ስትሪት በሚገናኙበት ማዕዘን አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የሰፈራቸውን ታሪክ የሚናገር የአንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው የእኛ አባቶችና እናቶችም እንዲያነቡት ወደ አማርኛ እንድመልሰው ጠየቁኝና ተቀበልሁ። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም «ራየት» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል አምስት ጊዜ ትመላለስበታለች፤ የ1919ኙን የቺካጎ፣ የ1921ዱን የተልሳ፣ የ1943ቱንና የ1967ቱን የዲትሮይት፣ እንዲሁም ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሜምፊስ ላይ ከተገደሉ በኋላ ይህንኑ ሰፈር ያነደደውን እሳት የምትጠራው እሷው ናት። በመጀመሪያው ረቂቄ አምስቱንም «ረብሻ» ብያቸው ነበር። በማግሥቱ ሳነበው ግን፣ ቤቱ የተቃጠለበትና ቤት ያቃጠለው፣ ሲሸሽ የሞተውና አሳድዶ የገደለው በአንድ ስም ተጠርተው አገኘኋቸውና ወረቀቱን አስቀመጥሁት። አማርኛችን ረብሻ፣ ሁከት፣ ብጥብጥ፣ አመፅ፣ ጭፍጨፋ እያለ የሚለየውን ነገር እንግሊዝኛው ስላልለየው ብቻ እኛም መደባለቅ አለብን ወይ፤ የትኛው ቃልስ ለየትኛው ከተማ ይገባል ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ ለጥያቄው አመስግኖ፣ ተርጓሚ የተጻፈውን እንጂ የተፈጸመውን አይመልስም የሚል አቋም ያዘ። ጽሑፉ አንድ ቃል ከተጠቀመ አማርኛውም በአንድ ቃል ይወጣ፣ ከዚያ ያለፈው ፍርድ መስጠት ነው አለ። ክብደት ያለው ሐሳብ በመሆኑ እስከ መጨረሻው ድረስ በጆሮዬ ሲያስተጋባ ቆይቷል።

2ኛው መልስ የመጣው በሀገር ቤት በጥብቅና ከሠሩ ሰው ነው። «ሁከት» የሚለውን ቃል እንዳልቀርበው መከሩኝ፤ በፍርድ ቤት አማርኛ ሁከት ይወገድልኝ ብሎ የሚከስ ሰው ይዞታው የተነካበት ባለንብረት ስለሆነ፣ ቃሉ ገና ከመነሻው ከሱቅ ባለቤቱ ጎን ይቆማል አሉ። ይህን ልዩነት እኔ ፈጽሞ አላስተዋልሁትም ነበር።

3ኛው ረጅም ነበር፤ ውይይቱ መሬት የያዘውም በእሱ ነው። ጸሐፊዋ የተልሳን ነገር ከሥሩ አነሣችው። በሜይ 1921 መጨረሻ አንድ ወጣት ጥቁር ጫማ ጠራጊ በአሳንሰር ውስጥ ነጭ ልጃገረድ ተዳፈረ ተብሎ ታሰረ፤ ነጮች ሊሰቅሉት በፍርድ ቤቱ ደጅ ተሰበሰቡ፣ የታጠቁ ጥቁሮችም ሊከላከሉለት መጡ። ጥይት ከተተኮሰ በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ፣ ከመካከላቸው ፖሊስ ራሱ ሥልጣን የሰጣቸው ያሉባቸው ነጮች ግሪንዉድ የተባለውን የጥቁሮች ሰፈር ዘርፈው አቃጠሉት፤ 35 የሚሆኑ ብሎኮችና ከ1,000 በላይ ቤቶች ወደሙ፣ የሟቾቹም ቁጥር እስከ 300 ሊደርስ እንደሚችል የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። ከዚያም ወደ ቃሉ ተመለሰች። የእሳት መድን ውሎች በረብሻ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም የሚል አንቀጽ ስለነበረባቸው፣ ድርጊቱ «ረብሻ» በመባሉ ብቻ ባለንብረቶቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ የቲያትር ቤትና የሆቴል ባለቤት የነበረ አንድ ሰው ክሱን እስከ ኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ በ1926 ተረታ። የክፍለ ሀገሩ አጣሪ ኮሚሽን እንኳ በ2001 ሪፖርቱን ሲያወጣ ይህንኑ ቃል በስሙ ውስጥ ይዞ ነበር፤ «ጭፍጨፋ» የሚለው እየጎላ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቃል መምረጥ ፍርድ መስጠት ነው ላለው ለ1ኛው ሰው፣ «ረብሻ» ብሎ መተውም የተፈረደ ፍርድን ማጽናት ነው ስትል መለሰችለት። እኔም ተልሳን በዚያው ምሽት «ጭፍጨፋ» ብዬ አረምሁት፤ ወደ ኋላም አልመለስበትም።

4ኛው ከእሷ ጋር ቢስማማም፣ ቃሉን ወደ ቺካጎ እንዳናሻግረው አስጠነቀቀ። ጁላይ 27 ቀን 1919 ዩጂን ዊሊያምስ የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ በሚቺጋን ሐይቅ ሲዋኝ የነጮች ወደሚባለው ዳርቻ ስላለፈ ድንጋይ ተወረወረበትና ሰጠመ፤ በቦታው የነበረው ነጭ ፖሊስ ወርዋሪውን አልይዝም አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት 23 ጥቁሮችና 15 ነጮች ሞቱ፣ ከ500 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥቁር ቤተሰቦች ያለ መጠለያ ቀሩ። ጥቃቱን የጀመሩት ነጮች ቢሆኑም ጥቁሮቹ ስለተከላከሉ «የዘር ግጭት» ይባል አለ። የ1943ቱን ዲትሮይትም በዚሁ ሥር አስገባው፤ በዚያ ከሞቱት 34 ሰዎች 25ቱ ጥቁሮች ሲሆኑ ከእነሱም 17ቱን የገደለው ፖሊስ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር «ግጭት» የሚለውን የራሱን ቃል የሚያፈርስበት ይመስለኛል፤ ግጭት ሁለት ወገን ይፈልጋል፣ ፖሊስ ግን ሦስተኛ ወገን መሆን ነበረበት።

5ኛው ነገሩን ወደ ሀገር ቤት ወሰደው፤ ግንኙነቱ ግን እውነተኛ ነበር። ዋሽንግተን በነደደችበት በ1968፣ በእኛ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብለው ተነሥተዋል፤ ያንን በአማርኛ «የጎጃም ገበሬዎች አመፅ» እያልን ስንጽፍ ማንም ቅር አይሰኝም። ገበሬው ሲነሣ አመፅ፣ የከተማ ጥቁር ሲነሣ ረብሻ የምንል ከሆነ፣ ይህን መለኪያ ከማን ነው የወሰድነው ብሎ ጠየቀ።

6ኛው በመጻሕፍት የበሰሉ አባት ናቸው። በቅዱሳት መጻሕፍት አማርኛ «ዐመፃ» ማለት ግፍና በደል እንጂ ጀግንነት አለመሆኑን አስታውሰው፣ ቃሉ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ የተነሣውንም ያስነሣውንም ይነካል አሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በ«ወንድሜ»ና በ«እኅቴ» ይነጋገር ነበር።

7ኛው ያንን አየር ሰበረው። ጸሐፊው ታሪክ ማብዛት አያስፈልግም፤ የገዛ ሰፈሩን፣ የገዛ እናቱ ዳቦ የምትገዛበትን ሱቅ የሚያቃጥል ሰው ሥራ ፈትና ሌባ ነው፣ ስሙም ረብሸኛ ነው ብሎ ጻፈ። 8ኛው ከሥሩ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ተስማማ፤ ሌላ የጨመረው ነገር የለም።

9ኛውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በዋሽንግተን ለረጅም ዓመታት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። አንዲት አሮጊት ጥቁር ሴት ከሐኪም ቤት አሳፍሮ በአሥራ አራተኛው መንገድ ወደ ሰሜን ሲወስዳት፣ ዩ ስትሪት ማዕዘን ላይ መብራት ያዛቸው። ሴትዮዋ በመስኮቱ እያመለከተች የት ጋ መድኃኒት ቤት እንደነበረ ነገረችው፤ ኪንግ በተገደሉበት በዚያ ሐሙስ ምሽት የጥቁሮች መብት ታጋዩ ስቶክሊ ካርማይክልና አብረውት የነበሩት ሰዎች ሱቆቹ ለኪንግ ክብር እንዲዘጉ እየጠየቁ ሲዞሩ፣ የመጀመሪያው መስታወት የተሰበረው እዚያ ነው። የጥቁር ሱቅ መሆኑ እንዲታወቅ «ሶል ብራዘር» (ጥቁር ወንድም እንደማለት) የሚል በመስኮት ላይ በሳሙና ይጻፍ እንደነበረ፣ አባቷም ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊው እንዲህ ሲጽፍለት ሳሙናው እያለቀ ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ፊደላት እየቀጠኑ እንደመጡ ነገረችው። ታክሲ ነጂው ያስተዋለው ግን ስሙን ነው፤ ሴትዮዋ ረብሻም አመፅም አላለችም፣ መንገዱ የነደደ ጊዜ ብቻ ነበር የምትለው፣ እኛ የጣሊያን ጊዜ እንደምንለው ሁሉ። መብራቱ ሲለቀቅ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

10ኛው ለ7ኛው በቀጥታ የተሰጠ ነበር፤ ስለታም ቢሆንም በማስረጃ የታጀበ ነው። በጁላይ 1967 የዲትሮይቱ ነገር የተነሣው ፖሊስ ከቬትናም ለተመለሱ ሁለት ወታደሮች ግብዣ የተደረገበትን ፈቃድ የሌለው መጠጥ ቤት ሌሊት ወርሮ ከ80 በላይ ሰው ሲያስር ነው፤ በመጨረሻ 43 ሰዎች ሞተው ከ7,000 በላይ ታሰሩ፣ የጦር ሠራዊት ፓራሹተኞችም ከተማው ገቡ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በኢሊኖይ ገዥ በኦቶ ከርነር ሰብሳቢነት ያቋቋሙት 11 አባላት ያሉት ኮሚሽን በ1968 መጀመሪያ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ የተደራጀ ሴራ አላገኘም። የተነሣው ሰውም ከውጭ የመጣ ወንበዴ ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ከተማ የኖረ፣ ሁለተኛ ደረጃን ባይጨርስም ካልተነሣው ጎረቤቱ በትምህርት ትንሽ ሻል ያለ፣ ሥራ ቢኖረውም ዝቅተኛ ሥራ የያዘ ወጣት መሆኑን አስፍሯል። ዋናው ምክንያት የነጭ ዘረኝነት ነው፣ ሀገሪቱም ወደ ሁለት እኩል ያልሆኑ ማኅበረሰቦች እየተከፈለች ነው ብሎ የጻፈው በፕሬዚዳንቱ የተሾመ ኮሚሽን እንጂ ተቃዋሚ አልነበረም። ጸሐፊው ከዚህ በፊት የነበረውንም አልዘነጋም፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጥቁሮችን ሰፈሮች በቀይ ቀለም ያሰመሩት የመንግሥት ካርታዎች የቤት ብድርን ዘግተዋል፣ ዲትሮይት ከ1947 እስከ 1963 ከ130,000 በላይ የፋብሪካ ሥራዎችን አጥታለች፣ ብላክ ቦተም የተባለው አሮጌ ሰፈርም ለፈጣን መንገድ ሲባል ፈርሷል። የገዛ ሰፈሩን አቃጠለ ስትል «የገዛ» የምትለው የማን ነው፤ ሕንፃው፣ ሱቁ፣ ባንኩ የማን ነበር ብሎ ጠየቀው። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የተቀበልሁት መልስ ይህ ነው።

በ11ኛው ላይ የ7ኛው ጸሐፊ ተመለሰ። ከዚያ በፊት «አንተ» እየተባባሉ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በድንገት ወደ «እርስዎ» ዞሩ፤ የዞሩት ተከባብረው ሳይሆን ተራርቀው ነው። እነሱ ያቃጠሉትን ሰፈር የሠራነው እኛ ነን፣ በዚያ መንገድ ላይ መብራት ያበራው ሐበሻ ነው አለ።

12ኛዋ የአካባቢው የሱቅ ባለቤት ስለሆነች፣ ይህን አባባል ከሁለቱም ወገን በተሻለ ታውቀዋለች። ኪራዩ ለስደተኛ የሚቻል የሆነው ቃጠሎውን ተከትሎ ብዙ ሕንፃዎች ለዓመታት ባዶ ስለቀሩ ነው፤ የባቡሩ ጣቢያ ዩ ስትሪት ላይ የተከፈተው በ1991 ነው፣ ከዚያ በፊት በነበረው የቁፋሮ ጊዜም ሱቅ ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነበር። የእሷ ሱቅ የብረት መጋረጃ ከእሷ በፊት የነበረው ተከራይ፣ ለእሱም ከእሱ በፊት የነበረው ያስረከበው ነው፤ ከታች በኩል ጎብጦ ስለሚይዝ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ረግጣ ነው የምታነሣው። መብራቱን ያበራነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ቤንስ ቺሊ ቦውል በዚያ በ1968ቱ የሰዓት እላፊ ሳምንት እንኳ ሳይዘጋ የቆየ የጥቁር ቤተሰብ ምግብ ቤት ነው ስትል አረመችው።

13ኛው ግን ማረም አልበቃውም፤ ተቆጣ። ኦክቶበር 1965 የተፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግ በዘርና በሀገር የተቆጠረውን ኮታ ያነሣው በዜጎች መብት ትግሉ ግፊት ነው፤ እኛ የገባንበትን በር የከፈቱልንን ሰዎች ሌባ ማለት ነውር ነው ብሎ ጻፈ። አሽከርና ባንዳ የሚሉ ቃላትም ስለወጡት ከፊሉን የመድረኩ አስተባባሪ አንሥቶታል። በፍሬ ነገሩ እስማማለሁ፤ በስድቡ ግን የሚሰማው ሰው አላገኘም።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ከጉዳዩ ትንሽ ራቅ ብለዋል። ዩ ስትሪት ከቃጠሎው በፊት ብላክ ብሮድዌይ ይባል እንደነበረ፣ የሰፈሩ ልጅ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ኒሻን እንደተቀበለ አንዱ አስታወሰ፤ ሌላው በዘጠነኛው መንገድ ላይ ያለውን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት በ2005 የተነሣውን ሐሳብ አነሣ። የቆዩት ጥቁር ነዋሪዎች ያን ጊዜ ለምን እንደተከፉ ይህ ውይይት ነው ያስረዳኝ፤ ስሙ ሲለወጥ የነደደው ጊዜም አብሮ እንደሚጠፋ ተሰምቷቸው ነበር።

17ኛው ከሎስ አንጀለስ ነው። በ1991 ላታሻ ሃርሊንስ የተባለች የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ በ1 ዶላር ከ79 ሳንቲም ብርቱካን ጭማቂ የተነሣ በኮሪያዊት ባለ ሱቅ ተገደለች፤ ገዳይዋ ጥፋተኛ ብትባልም ወኅኒ አልወረደችም። በሚቀጥለው ዓመት ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው የደበደቡት ፖሊሶች ነጻ ሲባሉ ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት እሳት ተነሣ፣ ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ሱቆችም ተጎዱ። ፖሊስ ኮሪያታውንን ትቶት ሲሄድ ነጋዴዎቹ ጣራ ላይ ወጥተው ጠበቁ። በጥቁር ሰፈር የሚነግድ ሐበሻ ሁሉ ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት አለ። 18ኛው፣ ከታሰሩት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ላቲኖች ስለነበሩ ነገሩን የጥቁርና የኮሪያዊ ብቻ ማድረግ እንደማይገባ አከለ።

19ኛዋ እዚሁ የተወለደች ወጣት ናት፤ ፊደሉን በቅርብ እንደተማረችው ያስታውቃል፣ ሐሳቧ ግን የብዙዎቻችንን ይበልጥ ነበር። «አመፅ» ማለት ደስ የሚላት ቢሆንም፣ በዋሽንግተን ከሞቱት 13 ሰዎች የሚበዙት በተቃጠሉ ሕንፃዎች ውስጥ የቀሩ መሆናቸውን አንሥታ፣ በቃሉ ውስጥ እነሱ የት አሉ ብላ ጠየቀች። ከ13,000 በላይ ወታደር ገብቶ ከ6,000 በላይ ሰው ታስሮ የሟቹ ቁጥር በዚህ የቆመው፣ ከንቲባው ዋልተር ዋሽንግተን ዘራፊ ይተኮስበት የሚለውን ግፊት ስላልተቀበሉ እንደሆነም ጻፈች፤ የቺካጎው ከንቲባ ዴሊ በዚያው ወር አቃጣዩን ግደሉ፣ ዘራፊውን አቁስሉ ማለታቸውን ስናስታውስ ልዩነቱ ይታያል።

20ኛው መልስ የ7ኛው ሰው ሦስተኛ ጽሑፍ ነው። በሜይ 1991 በማውንት ፕሌዘንት አንድ የኤልሳልቫዶር ስደተኛ በፖሊስ ጥይት ከተመታ በኋላ በተነሣው ብጥብጥ፣ እሱ በአቅራቢያው ባለ አንድ ሱቅ በሌሊት ፈረቃ ሲሠራ መስታወቱ በላዩ ላይ ተሰበረ። ባለቤቱ የተሰረቀውን ሁሉ ከደመወዙ ቆረጠበት። ይህን ከነገረን በኋላ ስለ ሌላ ነገር አልተከራከረም፤ 10ኛውም መልሶ «አንተ» አለው።

በ21ኛው ላይ እኔ ረቂቄን አቀረብሁ። ተልሳ «ጭፍጨፋ»፤ ቺካጎና የ1943ቱ ዲትሮይት «በጥቁሮች ላይ የተነሣ ጥቃትና ግጭት»፤ የ1967ቱ ዲትሮይት «አመፅ»፤ ዋሽንግተን ግን፣ የታክሲ ነጂውን ተሳፋሪና የ19ኛዋን ልጅ አስቤ፣ «አሥራ አራተኛው መንገድ የነደደ ጊዜ» ተብሎ ከሥሩ ምክንያቱና የሟቾቹ ቁጥር ይጻፍ አልሁ። በ22ኛው ላይ 1ኛው ሰው አሁንም ትርጉም ሳይሆን ድርሰት ነው ቢልም፣ ለአዘጋጆቹ አስረድቼ በፈቃዳቸው ካደረግሁት እንደማይቃወም ገለጸ። ጠየቅኋቸው፤ ፈቀዱ።

23ኛውና የመጨረሻው የመጣው ሁላችንም ጉዳዩ አለቀ ባልንበት ሰዓት ከ3ኛዋ ጸሐፊ ነው። በገጹ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር አለ አለች። በጁላይ 1919፣ ከቺካጎ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ነጭ ወታደሮችና መርከበኞች በዋሽንግተን ጎዳናዎች ላይ ጥቁር እያደኑ ሲደበድቡ፣ የዩ ስትሪትና የሰባተኛው መንገድ ነዋሪዎች ጠመንጃ ይዘው ሰፈራቸውን ጠበቁ፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ጦር ካስገቡና ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው የቆመው። ያው ሰፈር ነው፣ ያው መንገድ ነው። ለአዘጋጆቹ ስነግራቸው አንድ መስመር ጨምርበት አሉኝ። መስመሩን ጽፌዋለሁ፤ ለዚያ ለተከላከሉት ሰዎች ሥራ የሚሆነውን ስም ግን እስካሁን ባዶ ትቼዋለሁና፣ ያላችሁን ቃል ከዚህ በታች ጻፉልኝ።